የትከሻ ስፖርት

«ክርኗን ብቻ ነው ማየት ያለብሽ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ለትከሻ እኮ ነው» አለች ከፊቴ የተቀመጠችው ወፍራም ሴትዮ፣ አጠገቧ ላለችው ልጅ እግር እናት። ልጅ እግሯም ሕፃኗን ወደ ግራ ጭኗ አዛውራ ቀኝ ክርኗን ከፍ ዝቅ ታደርግ ጀመር። ከኋላቸው ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ተከተሏቸው። የጤና ጣቢያው የሴቶች መጠበቂያ ክፍል በአንድ አፍታ ክንፋቸውን የሚያራግቡ ዶሮዎች የገቡበት ቤት መሰለ። እኔ ደም ግፊቴን ልለካ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ቢለኩኝ ኖሮ መለኪያው ይፈነዳ ነበር።

ምክንያቱም ያ ለትከሻ አይደለም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የምትታየው፣ በሥዕል የተሠራችው ሴት፣ ጡቷን በገዛ እጇ እንዴት እንደምትመረምር ነው የምታስተምረው። ሦስት ጣቶቿን ገጥማ፣ ከብብቷ ጀምራ፣ በትንንሹ ክብ ክብ እየዳሰሰች፣ የጠጠረ ወይም ያበጠ ነገር እንዳለ ትፈልጋለች። ባለፈው ወር ስመጣ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ከአንገቷ ጀምሮ እስከ እምብርቷ አንድ ትልቅ ጥቁር ካሬ ደፍተውባታል። እጇ ወደ ጥቁሩ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ክርኗ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ድምፁን ደግሞ «የወረፋ ቁጥር አላሰማ አለን» ብለው ከዘጉት ቆይተዋል። እንግዲህ ድምፅ የሌለው፣ ጡት የሌለው፣ ክርን ብቻ የቀረው ትምህርት ያየች ሴት ለትከሻ ቢመስላት ምን ይፈረድባታል? ከቴሌቪዥኑ በላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሱን ሳይሸፍኑት ቀርተዋል።

ያቺን ሥዕል የሠራቻት የልጅ ልጄ ናት። ሚጣ እንላታለን፤ ለትዳር ደርሳም ስሙ አልለቀቃትም። ሥራዋ ሥዕል ማንቀሳቀስ ነው። እኔ ሥዕል የሚሳለው ከልብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእሷ ግን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እውነተኛ ሰው ሲንቀሳቀስ በስልኳ ትቀርጻለች፣ ከዚያ በዚያው ላይ እያንዳንዷን ቅጽበት ለብቻዋ ትስላለች። አንድ እጅ ከጉልበት ተነስቶ ትከሻ እስኪደርስ የእኔ ሻይ ይቀዘቅዛል። ጤና ጣቢያው ይህን ሥራ ሲያዛት ለቀረጻ የሚሆን ሰው አጣች። የቢሮ ጓደኞቿ አፈሩ፤ እናቷ ከሱቅ የምትገባው ሲመሽ፣ እግሯ አብጦ ነው። «እማማ፣ አንቺ ብትሆኚልኝስ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ። «ምን ቆርጦኝ!» አልኳት። «በዚህ ዕድሜዬ ጡቴን ገልጬ ልቀረጽ? አበስኩ ገበርኩ!» እሷ ደግሞ ሰው ስታግባባ አፏን አትጠቀምም፤ ዝም ብላ ሽንኩርቱን ከእጄ ወስዳ መላጥ ጀመረች። አንጀቴን በላችው። ሳምንት ሳይሞላ እኔው ራሴ መጋረጃ ዘግቼ ጠራኋት።

ቃል ግን አስገባኋት። ፊቴ እንዳይታይ፣ ለማንም እንዳይነገር፣ ለአባቷማ ሞቼ እንኳ እንዳይነገር። ቃሏን ጠበቀች። ለሥዕሏ ሴት ድንቡሽቡሽ ያለ የወጣት ፊት ሰጠቻት፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ደፋችላት፣ ጡቱንም ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረበት ቦታ መልሳ ሰቀለችልኝ። እጄን ግን እንዳለ ተወችው። ትንሿ ጣቴ ቆልማማ ናት፤ ልጄ፣ የሚጣ አባት፣ ሕፃን ሳለ በር ዘግቶባት እንደዚያው ቀረች። የቴሌቪዥኗ ሴት ሦስት ጣቶቿን ገጥማ ስታነሳ ያቺ ቆልማማ ጣት ከጎን ብቅ ትላለች። ይቅርባት ብላት «ያለሷ እጁ የማን እንደሆነ አላውቀውም» አለችኝ። በቀረጻው ጊዜ ደጋግማ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቀስ በይ እማማ፤ ትቸኩያለሽ።» ካልቸኮልኩማ መቼ ልልበስ!

ጥቁሩ ካሬ የመጣው ከሕጉ ነው፤ ገና ካልወጣው ሕግ። ልቅ የሆኑ ካርቱኖችንና ሥዕሎችን የሚከለክል ሕግ ተረቅቆ፣ ሕዝብ በየሰፈሩ እየተጠራ ይወያይበታል። የእኛ ሰፈር ተራ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ረቂቁ «ራቁት ገላ የሚያሳይ ማንኛውም ሥዕልና ተንቀሳቃሽ ሥዕል» ይላል፤ ማንኛውም ነው የሚለው። የጤና ጣቢያው ዳይሬክተር ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነት ሰው ነው፤ ሕጉ ሳይደርስ እሱ ቀድሞ ሸፈነ። እኔስ ብሆን ሕጉን ጠልቼው ነው? አልጠላሁትም። የሚጣ ታናሽ ወንድም በአባቱ ስልክ የልጆች ካርቱን የሚያይ መስሎን ትተነው፣ የእንስሳት ፊት ያላቸው ካርቱኖች አፌ የማይለውን ሲያደርጉ አይቶ፣ ስንት ሌሊት መብራት ካልበራ አልተኛም ብሎ አልቅሷል። ያን የሠራ እጅ ይሰበር ብዬ የረገምኩት እኔ ነኝ። ችግሩ፣ እርግማኔ ዞሮ ዞሮ የገዛ እጄን ማግኘቱ ነው።

እና ያን ጠዋት ተነስቼ «ኧረ ለትከሻ አይደለም!» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን «ታዲያ ለምንድን ነው?» ቢሉኝስ? «አንቺ በምን አወቅሽ?» ቢሉኝስ? ያቺ ቆልማማ ጣቴ ድንገት የበራች አምፖል ሆነችብኝና እጄን ቦርሳዬ ሥር ሸጎጥኩት። በዚህ መሀል የልጅ እግሯ ቁጥር ተጠራ። ገብታ ሕፃኗን አስከትባ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ክርኗን አንዴ ከፍ አድርጋ ወፍራሟን ሴትዮ በሳቅ ተሰናበተቻት፤ ሄደች። እንደዚያ ተምራ ሄደች። በኋላ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ያሰረችው ሲስተር ቁጥሩን አይታ «እማማ፣ ዛሬ ያናደደዎት ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ።

«የቴሌቪዥናችሁ ሴት ማን ሞቶባት ነው ጥቁር የለበሰችው?»

በሩን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አለቃችን ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ሴት አንድ በአንድ እንዴት አድርጌ ላሳይ፣ እማማ? መርፌ እወጋለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፣ ካርድ እፈልጋለሁ። ያቺ ሥዕል ጓደኛዬ ነበረች።»

ቤት ስደርስ ልጄ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። የሒሳብ መምህር ነው። ወላጆች የኮሚቴያቸው ሊቀመንበር አድርገው መርጠውታል፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ሕጉን ደግፎ የሚናገረው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ትንሹ ልጁ በጨለማ ሲንቀጠቀጥ አቅፎት ያነጋው እሱ ነው፤ እኔም በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ፣ አብሮ ሲያለቅስ። ከሚጣ ጋር ግን ረቂቁ ከተሰማ ወዲህ እንደ ሰው አያወሩም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛውን አልፎ ወደ መኝታ ቤት ለመግባት አንዱ ካልተነሳ ሌላው አያልፍም። በዚያች ጥበት ውስጥ ተኳርፎ መኖር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዓይናቸውን የላስቲክ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ያሉት የወይን ዘለላዎች ላይ ተክለው ይበላሉ፤ የሚነጋገሩትም በእኔ በኩል ነው። «እማዬ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል በያት።» «እማማ፣ ሰምቻለሁ በይው።» እኔም እንደ ስልክ ቤት ከመሀል ተቀምጬ አስተላልፋለሁ።

ዝምታ ሲረዝም ደግሞ ምላሴን ይበላኛል። «የጤና ጣቢያውን ሥዕል ሸፍነውታል» አልኩ ያን ቀን ምሳ ላይ፣ ዳቦ እየቆረስኩ። «ሴቶቹ ለትከሻ ስፖርት መስሏቸው ክርናቸውን ሲያወናጭፉ ነው ያገኘኋቸው።» ሳቅ ይፈጥራል ብዬ ነበር። ሚጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ከየት እስከ የት ነው የሸፈኑት?»

«ከአንገት እስከ እምብርት።»

«እጁንም?»

«እጁም ገብቷል።»

ልጄ ሳል ሳል አደረገውና ወደ እኔ ዞረ። «ሥዕሉ በጎ ነው፤ ማን ክፉ አለው? ግን ሕግ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ከተተወች ያ ቆሻሻ ሁሉ ‹እኔም ለትምህርት ነኝ› እያለ በዚያችው ይገባል።»

«እማማ፣ ያ ቀዳዳ ሳይሆን በር ይባላል በይው። በር ላይ ደግሞ ዘበኛ ይቆማል።»

«ዘበኛውንስ ማን ይጠብቀዋል በያት፣ እማዬ።»

ሁለቱም ልክ መሰሉኝ፤ ያ ነው የባሰብኝ። ሚጣ ሳህኗን አነሳች። «ከሰዓት እኔም አዳራሽ እመጣለሁ» አለች፣ ለወይን ዘለላዎቹ። በሰው ፊት ልትቆም ነው። ነገ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በዳቦ ሰልፍ «ያቺ ናት፣ ራቁት ገላ የምትስለው» ሊሏት ነው። ስሟን መዝግበው ሕጉ የወጣ ዕለት መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእኛን በር ቢሆንስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ከበሩ ሥር ጫማዋን አነሳሁና ክፍሌ ገብቼ ትራሴ ሥር ደበቅኩት። ያለችው አንድ ጫማ ነው፤ ሌላውን ጫማ ሰፊው ጋ ከወሰደችው ከርሟል። አባቷ ወጣ። እሷ አልጋ ሥር፣ ሶፋ ሥር፣ በረንዳ ላይ ስትፈልግ እኔ አብሬ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆማ አየችኝ። የእኔን የቤት ነጠላ ጫማ፣ ያን ተረከዙ የተበላውን ሰማያዊ ላስቲክ፣ አጥልቃ በሩን ከፍታ ወጣች። ምን ላድርግ? የውጭ ጫማዬን አድርጌ እየሮጥኩ ተከተልኳት። የሚሮጥ ጉልበት እንዳለኝም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ከክፍሎቹ እያመጡ ነበር። መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የስብሰባው መሪ፣ ረቂቁን ሊያስረዳ የመጣ ቀጠን ያለ የሕግ ባለሙያ፣ እና ልጄ፣ በተተኮሰ ሸሚዙ። ልጄ ተነስቶ ተናገረ። የማንንም ስም ሳይጠራ፣ አንድ ሕፃን መብራት ጠፋ በተባለ ቁጥር እንዴት እንደሚጮህ ነገራቸው። አንዲት እናት ከመሀል «የእኔም ልጅ!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪግል። ውሸት ልናገር? እውነቱን ነበር።

ከዚያ ሚጣ እጇን አወጣች። ወደ ማይኩ ስትሄድ ነጠላ ጫማዬ ጠፍ ጠፍ ይላል። ከኋላዬ አንዱ «የመታጠቢያ ቤት መንገድ ጠፍቷት ነው» አለና ሳቁ። እሷ አልቸኮለችም። የሠራችው ሥዕል ለምን እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያው እንዴት እንደሸፈነው፣ ሴቶቹ ጠዋት ለትከሻ መስሏቸው እንደዋሉ ተናገረች። በሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ግን እንዲናገር ሳይፈቀድለት ከተቀመጠበት ተነሳ።

«አባትሽ እዚህ ተቀምጦ አታፍሪም? ለመሆኑ ያቺ የሳልሻት ሴት ማን ናት? የማን ገላ ነው ለሕዝብ የተዘረጋው?»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብትል በቃ፣ አልቆልኝ ነበር። አልዞረችም። ፊቷን ወደ ሰውዬው አድርጋ «የማንም እናት ልትሆን ትችላለች» አለች። ሰውዬው «የእኔ እናት እንዲህ አትሆንም!» አለ፤ ሳቅና ጭብጨባ ተደባለቀ። ልጄ ራሱን ደፍቶ የማይኩን ገመድ ያያል። ሚጣም በሰማያዊ ነጠላ ጫማዬ እዚያው ቆማለች፤ ቃሏን ጠብቃ፣ የእኔን ነውር ተሸክማ ቆማለች። እኔ ጫማዋን የደበቅኩት ከዚህ ላድናት ብዬ ነበር። ይኸው፣ በእኔው ጫማ ነው የቆመችው። እጄ መቼ እንደወጣ አላውቅም፤ ሳየው አየር ላይ ነው።

«እናታችን፣ ይናገሩ» አለ መሪው። ማይኩን አመጡልኝ። የሕግ ባለሙያውን አየሁት፤ ልጄ ይሆናል በዕድሜ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አልኩ። «ሕፃናትን የሚያስፈራውን ቆሻሻ አጥፉልን፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ሰው የሚያጠፋውን ሰው ከሚያድነው መለየት አቃታችሁ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናቴ» አለ ባለሙያው፣ በትሕትና። «እሱ ወደፊት በመመሪያ ይታያል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ እንግዲህ… መታገሥ ነው።»

«እብጠቱም ይታገሣል?» አለች አንዲት ሴት ከጥግ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ባለሙያውም ፈገግ አለ።

እኔ አልጨረስኩም ነበር። «ቆይ፣ የኔ ልጅ። ሥዕሏ ቀርታ ሰው ቢያሳይስ? ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሴቶች በተቀመጡበት፣ አንዲት ሴት ልብሷን ለብሳ ቆማ እጅ የት የት እንደሚሄድ ብታሳይ፣ ሕጉ ይይዛታል?»

ረቂቁን ገለጥ አደረገ፤ ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል እንጂ መልሱን ያውቀዋል። «ሕጉ የሚመለከተው ሥዕልንና ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ብቻ ነው፣ እናቴ። ሰውን አይመለከትም። እሱማ ትምህርት ነው፤ ማን ይከለክላል?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ማይኩን መለስኩ። ቦርሳዬን አንስቼ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» እያልኩ በጉልበቶች መሀል ወደ በሩ ወጣሁ። «እማዬ!» ሲል የልጄን ድምፅ በማይኩ ሰማሁት፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። አልዞርኩም። ብዞር እቀመጥ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ምን ሆነሻል አሮጊቷ፣ እላለሁ፤ ውረጂና ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ራትም አልተሠራ። ሰው ያበደች ቢልሽስ? የልጅሽ ተማሪዎች እናቶች እዚያ ቢኖሩስ? ግፊትሽ ተነስቶ እዚያው ብትወድቂስ? ከዚያ ደግሞ ያቺ ልጅ እግር በበሩ ስትወጣ፣ ክርኗን ከፍ አድርጋ ስትስቅ ትመጣብኛለች። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ብወርድም ወደ ቤት አልነበረም፤ አውቶቡሱ መኪና ሲበዛበት ቀስ ስላለብኝ ነው።

የጤና ጣቢያው ጥበቃ በሩ ላይ አወቀኝ። «ማዘር፣ ጠዋት ታክመው ሄደዋል እኮ። ረስተው ነው?»

«ረስቼ ነው» አልኩት። «የረሳሁት ነገር አለ።»

ክፍሉ እንደ ጠዋቱ ሞልቷል። ወፍራሟ ሴትዮም የላቦራቶሪ ውጤት ትጠብቃለች፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ይደጋግማል። ሄጄ ከጎኑ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። መጀመሪያ ወንበር ያጣሁ መስሏቸው አንዷ ልትነሳልኝ አለች። ሥዕሏ ሴት ብቅ አለች፣ በዚያ ድንቡሽቡሽ ፊቷ። እጇን አነሳች፣ ሦስት ጣት ገጥማ፣ ቆልማማዋ ከጎን። ከዚያ ጥቁሩ ዋጣት።

«ሴቶች» አልኩ። ድምፄ እንደ ድመት ግልገል ሆነ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሴቶች! ይሄ ለትከሻ አይደለም። ለጡት ነው። ጥቁሩ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፤ እኔን እዩ።» ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ግራ ክንዴን ከራሴ በላይ አደረግኩ፣ ሦስት ጣቶቼን ገጥሜ በቀሚሴ ላይ ከብብቴ ጀመርኩ። ክብ፣ ክብ፣ ክብ። አንዲት ወጣት በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ፊቴ እሳት ሆነ፤ እጄ ግን አልቆመም። ቀድሞ የለመደው መንገድ ነው። «እንደ አተር የምትጠጥር ነገር፣ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ከጫፉ የሚወጣ ፈሳሽ ካገኛችሁ፣ ለጎረቤት አታውሩ፤ እዚህ ለሲስተር ንገሩ።»

«በልብስ ላይ ይታወቃል እንዴ?» አለች የሳቀችው።

«አይታወቅም። አንቺ ቤትሽ ገብተሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ያለ ልብስ ነው። እኔ እዚህ ለብሼ የቆምኩት ሕግ አክብሬ ነው።»

ይህን ጊዜ ሳቁ ሌላ ሆነ፤ አብረውኝ ሳቁ። ወፍራሟ ሴትዮ ግን ተቆጣች። «እና እኔ ጠዋት ሙሉ ክርኔን የሰበርኩት ለምንም ነው?»

«ትከሻሽ ተሽሎሽ እንደሆነ ትርፍ ነው፣ እታለም። ያቺን ሕፃን የያዘችውን ታውቂያታለሽ?»

«የጎረቤቴ ምራት ናት፤ ግቢያችን ነው ያለችው።» እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከተተችና ቀና አለች። «ድገሚልኝ እስቲ። በትክክል ልንገራት፤ ሁለተኛ እንዳልዋሽ።»

ደገምኩላት። ጥቁሩ በመጣ ቁጥር ደገምኩ። ሴቶች ቁጥራቸው ሲጠራ ይገባሉ፣ አዲስ ይመጣሉ፣ እኔም እንደገና እጀምራለሁ። ጥበቃው ዳይሬክተሩን ጠርቶ መጣ። ዳይሬክተሩ ነጭ ገዋኑን እየቆለፈ «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ ተከልክሏል» አለኝ።

«የተከለከለው ሥዕል ነው፣ ልጄ። እኔን እየኝ፤ ሥዕል እመስላለሁ?»

ሴቶቹ ጠበቁት። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ። ሲስተር ከውስጥ በመርፌ ትሪ ወጥታ «ይተዉአቸው ጌታዬ፤ ሥራ አቃለሉልኝ» አለችና ቁጥር ጠራች። እሱም ጥበቃውን «በል ወደ በርህ» ብሎት ከሱ ጋር አብሮ ወጣ። እነሱ ሲወጡ ነው በሩ ላይ የቆሙትን ያየሁት። ልጄ፣ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ፤ ከኋላው ሚጣ፣ በነጠላ ጫማዬ። ከአዳራሹ ተከትለውኝ ነው። «እማዬ፣ ነይ እንሂድ» ሊለኝ ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሥዕሏ ሴት ቴሌቪዥኑ ላይ ተመልሳ መጣች። እጇን አነሳች። እኔም አነሳሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ልጄ የሷን እጅ አየ። የእኔን አየ። እንደገና የሷን። በሩን የዘጋበት ጊዜ ሕፃን ነበር፣ ግን ያን ጣት ተዋውቆት ነው ያደገው፤ ሲያመው ግንባሩን የዳበሰው ያው ጣት ነው። ጥቁሩ መጥቶ የሷን እጅ ሲውጠው የእኔ ቀረ። እኔም ክብ፣ ክብ እያልኩ ቀጠልኩ። ልጄ «እንሂድ» አላለም። ከበሩ ጎን ያለው አግዳሚ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ እስክጨርስ ተቀመጠ።

ራት ላይ ምራቴ ከሱቅ ገብታ «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ትንሹ ልጅ ካርቱን ልይ ብሎ ሲጠይቅ አባቱ አጠገቡ አስቀምጦት አብሮት አየ። ሳህን ሲነሳ ልጄ ዓይኑን ከወይን ዘለላዎቹ ሳያነሳ «እኔ ስለ ሕጉ ሐሳቤን አልቀየርኩም» አለ።

«እኔም አልቀየርኩም» አልኩት። «ቆሻሻው ይጥፋ።»

«ነገም ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«ጥቁሩ እስኪነሳ እሄዳለሁ።»

«ጠዋት አውቶቡሱ ይጨናነቃል» አለ። ከዚያ ወደ ሚጣ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ልጁ ዞረ። «በመመሪያ ይታያል ያለውን… ያንን በርሽን ምን ብለን እንደምንጽፈው አስቢበት። ዘበኛው ማን እንደሚሆንም ጭምር። ሳይጠበቅ የሚቀር በር አልፈልግም።» ሚጣ «እሺ አባዬ» አለች። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም፤ ለእኛ ቤት ግን ብዙ ነው።

ክፍሌ ስገባ ሚጣ ተከትላኝ መጥታ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጉንጬን ትስመኛለች ብዬ ስጠብቅ «እማማ፣ ከብብት ስትነሺ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ወደ ታች ስትደርሺ ግን አሁንም ትቸኩያለሽ። ሴቶቹ እጅሽን መከተል አለባቸው።»

«አንቺ ደግሞ! ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ!»

«ቆንጆ ነበርሽ። ግን ትቸኩያለሽ።»

ስትወጣ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጨርሶ ከጀርባው የተላጠ መስታወት ነው፣ ሰውን ጠጋ ካላለ አያሳይም። ሦስት ጣቴን ገጥሜ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ታች ስደርስ ቆም አልኩ፣ እንደገና ከላይ። ማንም አልጠራኝም፣ ልልበስ ብዬ የሚያስቸኩለኝም አልነበረም። ሲደክመኝ ጫማዋን ከትራሴ ሥር አውጥቼ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩትና ነገ አዲስ ሰበብ እንዳልፈጥር በሩ ሥር ላስቀምጥላት ወጣሁ። የአባቷ ጫማ ተወልውሎ፣ አፉን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ቀድሞ እዚያ ተቀምጧል። የእሷን ከሱ አጠገብ አደረግኩ፤ የእኔን ከፊታቸው።